ዘር ከመልቀማችሁ በፊት አበባውን እወቁ

ውድ ወጣቶች፣

ችግኝ ለማፍላት ስትነሱ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ዘሩ የት ይገኛል?» ብላችሁ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ይህ ተክል ብናኙን፣ ማለትም ዘር እንዲይዝ የሚያደርገውን የወንዴ አበባ ዱቄት፣ ከማን ያገኛል? ዘሩንስ ማን ይወስድለታል? ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ከሚባክነው ድካም ብዙው እነዚህን ካለማወቅ ይመጣል።

ጓሯችሁ ካለው ዱባ ጀምሩ። በአንዱ ሐረግ ላይ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ይወጣሉ። ሴቴዋን ከሥሯ ባለችው ትንሽዬ ዱባ ትለዩአታላችሁ፤ ወንዴው ቀጭን አገዳ ላይ ይቆማል። ወንዴዎቹ ቀድመው ስለሚፈኩ «አበባው ሁሉ ረገፈ» ብላችሁ አትደንግጡ። ትንሿ ዱባ ቢጫ ሆና ከወደቀች ግን ብዙ ጊዜ ብናኝ ስላልደረሳት ነው። ንብ ካነሰ በእጃችሁ አዳቅሉ። ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ አበባው ሳይዘጋ፣ የዕለቱን ወንዴ አበባ ቀጥፉና ቢጫውን ልባስ ገሽልጡት። መሃሉ ላይ የቀረውን ብናኝ የያዘ ዘንግ የሴቴዋ አበባ መሃል ላይ ቀስ አድርጋችሁ ዙሪያውን አሹት። በአንድ በኩል ብቻ ነክታችሁ ከተዋችሁ ዱባው ጠማማ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ እያንዳንዷ ዘር ለመፀነስ የራሷን ብናኝ ትፈልጋለችና።

ጤፍ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ኑግ ግን የራሱን ብናኝ አይቀበልም፤ ለብቻው የበቀለ አንድ እግር ኑግ ቢያብብም ዘር የሚይዘው እምብዛም ነው። የኑግ ማሳ አጠገብ ቀፎ ማኖር ለማሩም ለምርቱም ይጠቅማል።

ኮሶ ደግሞ ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ዛፎች ናቸው። ዘር የሚለቀመው ወደ ቀይ የሚያደላ ዘለላ ካላት ከሴቷ ነው። ይሁንና በአካባቢው ወንድ ኮሶ ተቆርጦ ካለቀ ዘለላዋ ቢያምርም ውስጡ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ከመልቀማችሁ በፊት አሥር ያህል ዘር በምላጭ ሰንጥቃችሁ እዩ፤ ነጭና ጠጣር ፍሬ ከሌለው ልፋቱ ከንቱ ነው። የየትኛውም ዛፍ ዘር ቢሆን ከአንድ እናት ዛፍ ብቻ አትልቀሙ። ቢያንስ ከ15 ዛፎች፣ በመካከላቸው 50 ሜትርና ከዚያ በላይ ርቀት ካላቸው ውሰዱ። የአንድ እናት ልጆች ብቻቸውን ደን ከሆኑ እርስ በርስ ተዳቅለው የሚሰጡት ዘር ደካማ ይሆናል።

ወደ ዘሩ ጉዞ እንምጣ። የዋንዛንና የወይራን ፍሬ ወፎችና ዝንጀሮዎች ሥጋውን በልተው ዘሩን ይጥላሉ፤ እናንተም ያንኑ ሥራ ሥሩ። ፍሬው ከነሥጋው ጆንያ ውስጥ ካደረ ይሞቃል፣ ይሻግታል። በዚያው ቀን በአሸዋና በውኃ አሽታችሁ እጠቡት። የወይራ ዘር በተጨማሪ ጠንካራ ቅርፊት አለው፤ ቅርፊቱ ቀስ ብሎ ካልተሰነጠቀ ብቅለቱ በጣም ይዘገያል። በኃይል ከመታችሁት ግን ፅንሱን ትጨፈልቁታላችሁ።

የግራር ዘር ልባሱ ውኃ አያስገባም። ውኃውን አፍሉና ከእሳት አውርዱት፣ ከዚያ ዘሩን ጨምራችሁ አሳድሩት። እሳት ላይ እንዳለ ከቀቀላችሁት ይሞታል። የሚንሳፈፈውን ጣሉት፤ አብዛኛው በነቀዝ የተበላ ነው። ይህ የማንሳፈፍ ዘዴ እንደ ኮሶ ላሉ በነፋስ ለሚበተኑ ቀላል ዘሮች አይሠራም፤ ደህናውም ይንሳፈፋልና።

ብሳና ፍሬው ሲደርቅ ፈንድቶ ዘሩን ይበትናል፤ ከዘገያችሁ የምታገኙት ባዶ ቅርፊት ነው። አረንጓዴነቱን ለቆ መሰንጠቅ ሲጀምር ልቀሙት፤ ሸራ ላይ ስታሰጡት ተፈናጥሮ እንዳይጠፋ በወንፊት መረብ ሸፍኑት።

አብዝቼ የማሳስባችሁ ጥቁር እንጨት ስለሚባለው ዛፍ ዘር ነው። እንደ ግራር ዘር ዓመታት ተቀምጦ አይጠብቃችሁም፤ ከደረቀ በሕይወት የመቆየት አቅሙ በፍጥነት ይወድቃል። ስለዚህ መደቡን ከለቀማ በፊት አዘጋጁ፤ ሥጋውን አጥባችሁ በጥላ አጠፍፉትና ሳትውሉ ሳታድሩ ዝሩት።