ጠብታ ከመግዛትሽ በፊት ጆሮውን አሳዪለት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ያለፈው ክረምት ነው የመጣብኝ። የ11 ዓመት ውሻሽ ጭንቅላቱን ያራግፋል፤ ግራ ጆሮው ይሸታል፤ ቡናማ ነገርም ይወጣዋል። ሐኪም ጋ ብወስደው ስንት ይፈጅብኛል፣ ወይስ ጠብታ ገዝቼ ልሞክርለት ነው ያልሽው። እኔ ሞክሬ ነበር። ስንት እንደፈጀብኝ እስካሁን ስለሚቆጨኝ ልንገርሽ።

የኛ ነብሮ ቡችላ ሆኖ የመጣው ቀላል ባቡሩ ሥራ በጀመረበት በ2008 ነው። ከፒያሳ ነው ያመጣነው። ያ ግቢ ራሱ አሁን የለም፣ ፈርሷል። እኛ ቀበና ነን፤ አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ቤተሰብ። ነብሮ ትርፍራፊ ለመስጠት ሲሆን የሁሉም ውሻ ነው። ሐኪም ሲያስፈልገው ግን የኔ ብቻ ይሆናል።

ሰኔ ላይ ጀመረው። ሌሊት ጆሮውን ሲያራግፍ ጠፍ ጠፍ የሚለው ድምፅ እንቅልፍ ይነሳ ነበር። ዝናብ ነው፣ ውሃ ገብቶበት ነው ብለን ተውነው። መሽተት ሲጀምር ግቢው ሁሉ ሐኪም ሆነ። እማማ ጤና አዳም ጨምቂለት አሉኝ። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጊበት አለ። ነጭ ጋዙን እንኳን አልሞከርኩም።

የሞከርኩት ከዚያ የማይሻል ነው። ፋርማሲ ሄጄ ለሰው የሚሸጠውን የጄንታማይሲን ጠብታ ገዛሁ። ለማን ነው ሲለኝ አፍሬ ለወንድሜ ነው አልኩት። ሦስት ቀን ጋብ አለለት፤ በአምስተኛው ብሶ ተመለሰ። ከእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ደግሞ ቅባት ገዛሁ። እሱም እንደዚያው። ከዚያ ሌላ ጠብታ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ወደ 900 ብርና ስድስት ሳምንት አለፈ።

አንድ ጠዋት ስወጣ ነብሮ ጭንቅላቱን ወደ ግራ አዘንብሎ ይዞራል። ደረጃዋን ሊወጣ ሲል ወደቀ። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ግን ረጋ ብሎ ያስረዳል። የውሻ ጆሮ ቀዳዳ እንደኛ ቀጥ ያለ አይደለም አለኝ። መጀመሪያ ወደ ታች ይወርድና እንደ ክርን ታጥፎ ወደ ውስጥ ይገባል። እርጥበቱም፣ ቆሻሻውም፣ መግሉም እጥፋቱ ላይ ይተኛል። እኛ በር በሩን ስንጠርግ እውስጥ ያለው ይፈላል ማለት ነው። ከዚያ በጥጥ ትንሽ ጠረገና መስተዋት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም አንጠባጥቦ ማይክሮስኮፕ ስር አየው። ደቂቃዎች ብቻ ነው የፈጀበት። እኔንም አሳየኝ፤ የጫማ ኮቴ የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች ሞልተውበታል። እርሾ መሰል ፈንገስ ነው። ባክቴሪያው ጥቂት ነበር።

እኔ ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ጄንታማይሲን ሳንጠባጥብ የከረምኩት ለማን ነው? ጄንታማይሲን ባክቴሪያ ነው የሚገድለው። ፈንገሱን አይነካውም፤ እንዲያውም ባክቴሪያው ሲመታለት ሜዳው ለሱ ብቻ ይቀራል። የባሰው ሌላ ነው። የጆሮ ታምቡር ተበስቶ ከሆነ ይሄ መድኃኒት ወደ ውስጠኛው ጆሮ ገብቶ መስማትንም ሚዛንንም ሊጎዳ ይችላል። የነብሮ ግራ ታምቡር ተበስቶ ተገኘ። መዞሩ ከበሽታው ይሁን ከኔ ጠብታ ሐኪሙም መለየት አልቻለም። ዛሬም ጭንቅላቱን ትንሽ ያዘነብላል፣ ሰው የሚታዘብ ይመስላል።

አሁን ወደ ብሩ። ምርመራው 500፣ ማይክሮስኮፑ 300። ሕመሙና መግሉ ጆሮውን በመሣሪያ ለማየት ስላላስቻለ በማደንዘዣ አስተኝቶ ማጠብ ነበረበት፤ 1,500። ሽማግሌ ስለሆነ ከማደንዘዣው በፊት ኩላሊቱና ጉበቱ በደም ምርመራ ታየ፤ 1,200። መድኃኒቱ 900፣ የጆሮ ማጠቢያው 700፣ ለክትትል ስመለስ 300። ድምሩ 5,400 ብር። በመጀመሪያው ሳምንት ብወስደው ማደንዘዣውም የደም ምርመራውም ባላስፈለገ፣ 2,700 ይበቃኝ ነበር። ያ ያባከንኩት 900 ደግሞ ሳይቆጠር ነው። እኔ የከፈልኩት ይሄን ነው፤ ሌላ ቦታ ሌላ ዋጋ ሊጠሩልሽ ይችላሉ። መድኃኒቱ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ የአምና ዋጋ ይዘሽ አትሂጂ።

ብር ካጠረሽ ለሐኪሙ ገና ከበሩ ንገሪው። ያለኝ ይሄን ያህል ነው፣ የግድ የሆነውን አስቀድምልኝ በይው። አያሳፍርም። እኔ እንደዚያ ብዬው ነው ለጊዜው የሚቆይ አንድ ምርመራ የተወልኝ። ማይክሮስኮፑን ግን አታስቀሪ። ማይክሮስኮፕ የሌለው ቦታ ከሆነ ሌላ ፈልጊ። ሳያይ ጠብታ የሚሰጥሽ ሐኪም ከኔ በምን ይሻላል?

ቤት ድረስ የሚመጡ ሐኪሞችም አሉ። የሚያስከፍሉት ይበዛል፤ ግን ጎረቤት ሌላ ውሻ ካለ አብራችሁ ጥሩት። እኛ ለክትባት ሦስት ውሻ አንድ ላይ አስመጥተን የመምጫውን ተካፍለናል። ነገሩ ከከበደ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ለተራ የጆሮ ሕመም ግን ከመሀል ከተማ እዚያ ድረስ መኪና ተኮናትሮ መሄድ አያዋጣም።

አንድ ጆሮ ብቻ ነው ያልሽው ነገር አሳስቦኛል። የጆሮ እከክ የሚያመጣው ጥቃቅን ተባይ አብዛኛውን ጊዜ ቡችላ ላይ ነው የሚበዛው፣ ሁለቱንም ጆሮ ነው የሚይዘው። ሽማግሌ ውሻ ላይ አንዱ ብቻ ከታመመ የሣር ፍሬ ወይም እባጭ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ሐኪሙ ጠለቅ ብሎ እንዲያይ ጠይቂው። ድኖ እየተመለሰ ካስቸገረሽ ደግሞ ጆሮውን የሚያሳምመው ሌላ በሽታ አለ ማለት ነው። አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) ሆርሞን ማነስም ያመጣዋል። ያኔ ጠብታ መቀያየር ዋጋ የለውም።

ኪኒን ከታዘዘለት የኔን ስህተት አትድገሚ። ፍልሰታ ነበር፣ ቤት ውስጥ ሥጋ የለም፣ የሰፈሩ ሥጋ ቤትም ዝግ ነው። ኪኒኑን በሽሮ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ሽሮዋን ላሰና ኪኒኗን አጥቦ መሬት ላይ አስቀመጠልኝ። ለሐኪሙ ስነግረው ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣኝ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል ለካ። ከዚያ በኋላ በተቀቀለ እንቁላል ሆነ። ሕመም ማስታገሻም ከራስሽ መድኃኒት አትስጪው። ፓራሲታሞልም፣ አይቡፕሮፌንም፣ ዳይክሎፌናክም ለውሻ አደገኛ ናቸው።

ማጠቢያውን የምትጠቀሚው ሐኪሙ ታምቡሩን አይቶ ከፈቀደ በኋላ ነው። ፈሳሹን ጆሮው ውስጥ ትሞይና ከጆሮው ሥር ያለውን ለስላሳ ቦታ ግማሽ ደቂቃ ያህል ታሺዋለሽ። ጭቅ ጭቅ ሲል ትሰሚዋለሽ። ከዚያ ልቀቂውና ዘወር በይ፣ ይረጫል። ነጠላ ለብሰሽ አትሞክሪው። የወጣውን በጥጥ ጥረጊ፤ በእንጨቷ ጫፍ ላይ ያለችዋን ጥጥ ግን አታስገቢ፣ ቆሻሻውን ወደ እጥፋቱ ነው የምትገፋው። አልኮልም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም አይሆንም፤ የቆሰለ ጆሮ ላይ እሳት ነው።

ነብሮ በአሥር ዓመቱ ሰው ነክሶ አያውቅም። ሕክምናው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ግን እጄን ቀጨም አደረገኝ። ከሕመሙ ነው፣ አልተቀየምኩትም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ የታደሰ ስለነበር እፎይ አልኩ። ያንቺ ካልታደሰ አብረሽ አስከትቢው። ከነከሰሽ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ታጠቢና ጤና ጣቢያ ሂጂ። እናቶቻችን «ፓስተር ሂዱ» የሚሉት ለዚሁ ነበር፤ ድሮ የእብድ ውሻ ክትባት የሚሰጥበት ተቋም ነው።

በሁለት ሳምንቱ ሽታው ጠፋ። ክትትሉን ልተወው፣ 300ውን ላትርፍ ብዬ አስቤ ነበር። ደግነቱ ሄድኩ። ማይክሮስኮፑ ላይ ፈንገሱ ገና አላለቀም፤ አሥር ቀን ተጨመረለት። ሽታ ስለጠፋ ድኗል ማለት አይደለም።

ጭንቅላቱን ካዘነበለ፣ ከወደቀ፣ ዓይኑ ከተወላገደ፣ ወይም የጆሮው ቅጠል እንደ ፊኛ ካበጠ ነገ አትበይ፣ ዛሬውኑ ውሰጂው። የቅጠሉ እብጠት ከማራገፉ ብዛት ውስጡ ደም ሲፈስ ነው። ያንቺ እዚያ ካልደረሰ ደግሞ እስከ ቀጠሮው ጆሮውን አትጠቢው፣ ለማይክሮስኮፑ የሚታይ ነገር ይቆይለት። እስካሁን ያደረግሽለት ጠብታ ካለ ካርቶኑን ያዢ። መኪና ስትጠሪ ውሻ እንዳለ አስቀድመሽ በስልክ ንገሪያቸው፤ አሮጌ ጋቢ ወንበሩ ላይ አነጥፋለሁ በያቸው። እኔ ሳልናገር ጠርቼ ሁለት ሹፌር ነብሮን ሲያዩ በሩ ላይ ጥለውኝ ሄደዋል።