«ምስሉ ደብዝዟል» ሲሉሽ መጀመሪያ ከቨር ስሊፑን ለኪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ዩኒቨርሲቲያችሁ ሁሉም የትምህርት ክፍል የሚጠቀምበት የማይክሮስኮፕ ማዕከል ሊከፍት ነው፣ አንድ ኢንቨርትድ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ (ሌንሱ ከናሙናው በታች ሆኖ፣ ብርሃን ሲመታው የሚያበራ ቀለም የተቀባ ናሙና የሚያሳይ) ተገዝቷል፣ የአቅራቢው ኢንጂነር ሁለት ቀን ብቻ አሰልጥኖሽ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። «ከምን ልጀምር?» ብለሻል። ባዮሎጂ ስለጨረስሽ ኮንደንሰር ምን እንደሆነ አልነግርሽም። ገንዘብ የሚያስወጣውንና ስም የሚያጠፋውን ብቻ ልንገርሽ። በዚህ ሥራ ከሚመጣብሽ አቤቱታ አብዛኛው የሚነሳው በናሙናውና በሌንሱ ፊት መካከል ካለችው ጠባብ ክፍተት ነው። እዚያ ያለውን ከያዝሽ ማሽኑ ብዙም አያስቸግርሽም።

1. ኦይል። አንዳንድ ሌንስ የሚያየው በሱና በመስታወቱ መካከል ኦይል ተጨምሮ ነው፤ ደረቅ የሚባለው ያለ ኦይል ያያል። ቀድሞ የሚሞተው ደረቁ 40 (40 እጥፍ የሚያጎላው) ነው። ተማሪው በኦይል ሌንስ አይቶ ሲጨርስ ሰፋ አድርጎ ለማየት ኖዝፒሱን (ሌንሶቹን የያዘውን ተሽከርካሪ) ወደ 40 ይመልሳል። የ40ው አፍ ለከቨር ስሊፑ (ናሙናውን ለሚሸፍነው ስስ መስታወት) በጣም ስለሚቀርብ ኦይሉ ውስጥ ይገባል። የኦይል ሌንስ ፊቱ ኦይል እንዳያስገባ ታሽጎ የተሠራ ነው፤ ደረቁ ግን እንደዚያ ስላልታሸገ ኦይሉ በፊተኛው መስታወት ጠርዝ ሊሰርግ ይችላል። ከሰረገ ወደ ፋብሪካ ተልኮ ካልተፈታ አይወጣም።

ስለዚህ ኢንጂነሩ ሳይሄድ የሌንሶቹን አቀማመጥ አንቺ ወስኚ። ኖዝፒሱ ስድስት ቀዳዳ ካለው፦ 5፣ 10፣ 20፣ ደረቁ 40፣ በክዳን የተዘጋ ባዶ ቀዳዳ፣ 63 ኦይል። እንዲህ ሲሆን ከ63ቱ ወዲያ ያለው ጎረቤት 5 ነው፤ እሱ ከስላይዱ ስለሚርቅ ኦይል አይነካውም። ከዚያ በትልቁ ጽፈሽ ማሽኑ ላይ ለጥፊ፦ «ኦይል የነካ ስላይድ ሳይጠረግ ወደ ደረቅ ሌንስ አይመለስም።» ኦይል ደግሞ አንዲት ጠብታ ይበቃል። በኢንቨርትድ ላይ ትርፉ በሌንሱ ወገብ እየወረደ ኖዝፒሱ ውስጥ ይገባል።

ሌንስ ለመመርመር አይፒሱን (በዓይን የሚታይበትን ሌንስ) አውጪና ገልብጠሽ እንደ ማጉሊያ ያዢው፤ የሌንሱን ፊት በጎን በኩል ከሚመጣ ብርሃን ጋር እዪ። ንጹሕ ሌንስ ላይ የአምፖሉ ነጸብራቅ ጫፉ ጥርት ብሎ ይታያል። ኦይል ያለበት ላይ ግን ነጸብራቁ ተዘርግቶ የቀስተ ደመና ቀለም ያወጣል። ስታጸጂ በመጀመሪያ በጎማ መንፊያ አቧራውን ንፊ፣ ከዚያ ሌንስ ፔፐር አጣጥፈሽ ጫፉን ብቻ አርጥቢና ከመሃል ወደ ዳር እያዞርሽ አንዴ ጥረጊ። ያንን ወረቀት ጣዪው፣ ለሚቀጥለው አዲስ አውጪ። በሶፍት፣ በጋውን ጫፍ፣ በደረቅ ወረቀት በፍጹም። ጠረጴዛ የምታጸጂበት 70 በመቶ አልኮል ኦይል በደንብ አያነሳም፣ ሲደርቅም እድፍ ይተዋል። ንጹሕ ኢታኖል ተጠቀሚ፤ ከተገኘ 85 በመቶ ኤን-ሄክሴን ከ15 በመቶ አይሶፕሮፓኖል ጋር የተቀላቀለው ይሻላል፣ ግን ጭስ መሳቢያ ሥር አዘጋጂው። አሴቶን ሙጫውን ስለሚፈታ ክፍሉ ውስጥም አይግባ። በማስተማሪያ ላብራቶሪዎች ያለው የሴዳር እንጨት ኦይልም እንደዚያው፤ ሌንስ ላይ ይደርቅና ድንጋይ ይሆናል። የሁለት ፋብሪካ ኦይል አትደባልቂ፣ ይደፈርሳል።

2. ከቨር ስሊፕ። እዚህ ላይ ብዙ እላለሁ፤ ብዙ ድካም የሚያስቀረው ይሄ ነው። ሌንሱ ወገብ ላይ 0.17 የሚል ጽሑፍ አለ። ሌንሱ የተሰላው 0.17 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ከቨር ስሊፕ ውስጥ እንዲያይ ነው። ገበያ ላይ ቁጥር 1 የሚባለው ከ0.13 እስከ 0.16፣ ቁጥር 1.5 ደግሞ ከ0.16 እስከ 0.19 ነው። 1.5ኤች የሚባለው 0.170 ሆኖ ልዩነቱ ከ0.005 አይበልጥም። ኤንኤው (ብርሃን የመሰብሰብ አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 0.95 በሆነ ደረቅ ሌንስ ላይ የ0.01 ሚሊ ሜትር ስህተት በዓይን ይታያል፦ ጠርዞች ይደበዝዛሉ፣ ብርሃኑ ይደክማል። ተመራማሪው ይህንን አያውቅም፤ «ማሽናችሁ ተበላሽቷል» ብሎ ለዲኑ ደብዳቤ ይጽፋል።

ከሁሉም የሚያናድደው ግዥ ክፍሉ ነው። «ከቨር ስሊፕ 22 በ22» ብለሽ ከጠየቅሽ በፕሮፎርማ ርካሹን ያመጡልሻል። «ቁጥሩ አይደለም» ስትዪ ደግሞ «መስታወት መስታወት ነው፣ ምን ታካብጃለሽ?» ይሉሻል። እንዲህ ያለ መልስ እኔም ተሰጥቶኛል። የተመራማሪዎችን የወራት ሥራ ከአንድ ፓኬት የዋጋ ልዩነት አሳንሶ ማየት ነውር ነው። ዘዴው ክርክር ሳይሆን ወረቀት ነው፦ ስፔሲፊኬሽኑ ላይ «ቁጥር 1.5፣ ውፍረት 0.16–0.19 ሚሊ ሜትር፣ ከርክክብ በፊት ናሙና ይለካል» ብለሽ ጻፊ። ከሜካኒካል ወርክሾፕ ማይክሮሜትር ተዋሺ፣ ከየፓኬቱ አሥር አሥር ለኪ፣ ውጤቱን ፓኬቱ ላይ ጻፊ። ከዝርዝሩ ውጭ ከሆነ አትረከቢ፤ ፊርማሽ ከሌለ አቅራቢው አይከፈለውም።

ለመስታወቱ ውፍረት ማስተካከያ ቀለበት ያላቸው ሌንሶች አሉ። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ፕላስቲክ ዲሽ ለማየት አንዱ ያዞረዋል፣ መመለስ ይረሳል፣ ቀጣዩ በስላይድ መጥቶ ግማሽ ቀን ያለቅሳል። ሁሉም ሲወጣ ወደ 0.17 ይመልስ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ አንቺ እዪው።

ኢንቨርትድ ስለሆነ ስላይዱ ከቨር ስሊፑ ወደ ታች ሆኖ መቀመጥ አለበት። ግልጽ ይመስላል፣ ግን «ፎከስ አልገኝ አለኝ» ብሎ ከሚጠራሽ ሰው ብዙው ገልብጦ ያስቀመጠ ነው። 63/1.4 ኦይል የሚደርስበት ርቀት 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ስላይዱ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር፤ ተጠቃሚው ፎከሱን እየጨመረ ሌንሱን ከመስታወቱ ጋር ያጋጨዋል። ሌላው የጥፍር ቀለም ነው። ከቨር ስሊፑን በጥፍር ቀለም አሽገው ሳይደርቅ ያመጡታል፤ እርጥቡ ቀለም ከኦይሉ ጋር ሄዶ ሌንሱ ፊት ላይ ይጣበቃል። ከሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ፦ ቀለሙ በጣት ሲነካ የሚይዝ ከሆነ ናሙናው ወደ ክፍሉ አይገባም። የሚደርቅ ማውንቲንግ ሚዲየም (ናሙናው ከከቨር ስሊፑ ሥር የሚቀመጥበት ፈሳሽ) ከሆነም እንደ ዓይነቱ ሌሊቱን ይደር።

3. መብራት። የተገዛው በሜርኩሪ አምፖል ነው በኤልኢዲ? ሜርኩሪ ከሆነ ካበራሽው ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አታጥፊው፣ ካጠፋሽው 30 ደቂቃ ሳይቀዘቅዝ አታብሪው። የኛ አገር ችግር መብራት ሄዶ በሁለት ደቂቃ መመለሱ ነው፤ አምፖሉ እንደጋለ ሊነሳ ይሞክራል። ስለዚህ መብራት እንደሄደ የመጀመሪያው ሥራ የአምፖሉን ማብሪያ በእጅ ማጥፋት ነው። የ100 ዋት አምፖል እንደ ዓይነቱ 200 ወይም 300 ሰዓት ነው ዕድሜው። ካለፈ ሊፈነዳ ይችላል፣ ከፈነዳ የሜርኩሪ ትነት ስለሚወጣ ሁሉም ይውጣ፣ መስኮት ይከፈት። ውሉን መቀየር ገና የሚቻል ከሆነ በኤልኢዲ ይቀየር ብለሽ ተሟገቺ፤ ወዲያው ይበራል፣ ወዲያው ይጠፋል፣ በሺህ የሚቆጠር ሰዓት ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለቲቢ ምርመራ የኤልኢዲ ፍሎረሰንስን የደገፈው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህን ለኮሚቴው ንገሪ፣ የጤና ሳይንስ መምህራን ያግዙሻል። መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ኦንላይን የሚባለው ዓይነት ይሁን፣ ፍሪጅና ሴንትሪፊውጅ ከሱ ጋር በአንድ መስመር አይሰኩ።

ከግዥ ወሬ ሳልወጣ ስለ ካሜራም ልበል። አንድ ፕሮፌሰር መጥቶ «63 ያንሳል፣ 100 ግዙልኝ» ይልሻል። ኤንኤው ሁለቱም 1.4 ከሆነ የሚለዩት ዝርዝር አንድ ነው፤ በአረንጓዴ ብርሃን 0.23 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ገደማ። ካሜራሽ 6.5 ማይክሮን ፒክሰል ካለው በ63 እያንዳንዱ ፒክሰል 0.10 ማይክሮን ይይዛል፣ ይበቃል። 100 ብትጨምሪ ምስሉ በፒክሰል ሁለት እጥፍ ተኩል ይጨልማል፣ ናሙናውም ለብዙ ጊዜ ብርሃን ስለሚመታው ቀለሙ ይነጥፋል። ይህንን በቁጥር ጽፈሽ ስትሰጪው ሊከራከርሽ አይችልም፤ ባለሙያነትሽም የሚታወቀው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ የምለምንሽ፦ ማሽኑን በወር አንዴ ለኪ፣ መዝግቢም። 0.1 ማይክሮን አረንጓዴ ፍሎረሰንት ቢድስ (ብርሃን ሲመታቸው የሚያበሩ ጥቃቅን ኳሶች) ግዢ፤ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ዓመታት ትቆያለች፣ በረዶ እንዳትሆን ብቻ ተጠንቀቂ፤ ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ ትቀመጥ። በውሃ ከ1,000 እስከ 10,000 እጥፍ አቅጥነሽ ለክተሽ በያዝሽው ከቨር ስሊፕ ላይ (ስላይዱ ላይ ሳይሆን) አድርቂ፣ ከዚያ ማውንት አድርጊ። በ63 ኦይል ፎከሱን በ0.1 ማይክሮን እርከን እየቀየርሽ ከላይ 3፣ ከታች 3 ማይክሮን ድረስ ምስል አንሺ። ፊጂ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር የአንዷን ነጥብ ስፋት በከፍታዋ ግማሽ ላይ ለኪ። በስሌት 0.19 ማይክሮን ትመጣለች፤ በተግባር እስከ 0.25 ጤነኛ ነው። 0.3 ካለፈ አንድ ነገር ሆኗል። ምን እንደሆነ ነጥቧን በጎን ስትቆርጫት ትነግርሻለች፦ ከላይና ከታች እኩል ተከፍታ እንደ አሸዋ ሰዓት ከሆነች ደህና ነው። ቀለበቶቹ በአንድ በኩል ብቻ ከተዘረጉ የከቨር ስሊፑ ወይም የኦይሉ ጉዳይ ነው (የኦይሉ የብርሃን ስብረት ቁጥር 1.518 መሆኑን ጠርሙሱ ላይ እዪ)። እንደ ጅራት ወደ ጎን ካዘነበለች ስላይዱ ተንጋዷል ወይም ሌንሱ ተመቷል። ስላይዱን 180 ዲግሪ አዙሪና ድገሚው፤ ጅራቷ ከስላይዱ ጋር ከዞረች ስላይዱ ነው፣ ካልዞረች ሌንሱ።

ብርሃኑ ሜዳውን እኩል መሸፈኑን ለማየት ደግሞ ውድ ነገር አያስፈልግሽም። ከቢጫ ሃይላይተር ቀለም ትንሽ በስላይድና በከቨር ስሊፕ መካከል አድርጊ፣ በዝቅተኛ ብርሃን አንሺው። አንዱ ጥግ ከመሃሉ በጣም ከጨለመ የብርሃኑ መንገድ ተዛብቷል ማለት ነው። ጥልቅ ፕሮቶኮል ከፈለግሽ በ2020 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኳሬፕ-ሊሚ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስብስብ ሁሉንም በነጻ ያወጣል።

ይህ መዝገብ ሲከሰሱሽ ጠበቃሽ ነው። «ያለፈው ወር ምስሌ ተበላሽቷል» ሲሉሽ የዚያን ወር ቁጥር አውጥተሽ ታሳያለሽ። አቅራቢው «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ሲልም እንደዚያው።

በመጨረሻ ስለ ኢንጂነሩ ሁለት ቀን። ርክክብ ላይ ሳትፈርሚ በእያንዳንዱ ሌንስ ቢድስ አንስቶ ፋይሉን ይተውልሽ፤ የመጀመሪያ ቁጥርሽ እሱ ነው። የፊልተሮቹን ዝርዝር ከነሞገድ ርዝመታቸው፣ የኮምፒውተሩን የአድሚን የይለፍ ቃልና የሶፍትዌሩን ቁልፍ ተቀበዪ። ዋስትናው የሚቆጠረው ከተከላ ቀን ጀምሮ መሆኑን ውሉ ላይ አረጋግጪ፤ ዕቃው ጉምሩክ ተቀምጦ ወራት የሚበላው ዋስትና ያንቺ ነው። ከስቴጁ (ስላይዱ ከሚቀመጥበት መድረክ) እና ከኮንደንሰሩ የሚፈቱትን የማጓጓዣ ብሎኖች ደግሞ ከካርቶኑ ጋር እንዳይጥሏቸው አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ፌስታል ውስጥ አድርጊ፣ የትኛው ከየት እንደወጣ ጻፊበት፣ ከመዝገቡ ጋር ቆልፊው። ክፍል ሲቀየር ያለ እነሱ ማሽኑን ማንቀሳቀስ አይቻልም።