መድፉ ወደ ግራ ሲሆን ለምን ይገለበጣል ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ደሜ ነው የፈላው። በአንተ አይደለም፣ ይሄን ጉድ ባየሁበት መሥሪያ ቤት ነው። ስክሪን ላይ ማውሱን እየተከተለ የሚዞረው መድፍህ፣ ማውሱ በስተቀኙ ሲሆን በትክክል ያነጣጥራል፣ ወደ ግራ ሲያልፍ ግን ጀርባውን ይሰጠዋል ብለሃል። ኮድህን ባትለጥፈውም ምን እንደጻፍክ አውቃለሁ፦ በመድፉና በማውሱ መካከል ያለውን የዋይ (የቁመት) ልዩነት ለኤክስ (ለአግድም) ልዩነት አካፍለህ ውጤቱን ለአታን (atan፣ ከውጤቱ አንግሉን ለሚያሰላው ፋንክሽን) ሰጥተኸዋል።

1. አታካፍል። ስታካፍል የእያንዳንዱ ቁጥር ምልክት (ፕላስ ይሁን ማይነስ) ይጠፋል። ኤክስ 3 ዋይ 4 ቢሆኑም፣ ኤክስ -3 ዋይ -4 ቢሆኑም ሲካፈሉ ያው ናቸው። አታን ለሁለቱም 53.13 ዲግሪ ይልሃል፤ የሁለተኛው ግን -126.87 ነው። ምን ያድርግ፣ ከ-90 እስከ 90 ካለው ውጪ መልስ የለውም። አታን2ን (atan2) ተጠቀም። ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ስለሚቀበል አቅጣጫው አይጠፋበትም። ዋይ ነው የሚቀድመው። ኤክሴል ላይ ከሞከርክ ግን እዚያ ኤክስ ይቀድማል፣ እንዳትሸወድ።

2. "ኤክስ ከዜሮ ካነሰ 180 ደምርበት" የሚል መካሪ አይጠፋም። አትስማው። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ሲኒየር እንዲሁ ኢፍ በኢፍ ላይ ("እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ" የሚል ትእዛዝ) ደርድሮ "የሚሠራ ኮድ አይነካም" እያለ ከለከለኝ። ዒላማው ልክ ከመድፉ በላይ ሲሆንና የኤክስ ልዩነት ዜሮ ሲሆንስ ብዬ ጠየቅኩት። "ፒክስል ለፒክስል የት ይገጥማል?" ብሎ ሳቀብኝ፣ ያውም ሰው ፊት። ለደንበኛ ስናሳይ ገጠመ። ቁጥሮቹ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ነበሩ፣ በዜሮ ማካፈል መጣና ፕሮግራሙ እዚያው ተዘጋ። ያን ሁሉ ኢፍ ነቅዬ በአንድ መስመር አታን2 የተካሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም፤ ጭራሽ ስብሰባ ላይ "ቡድኑ አስተካከለው" ተባለ። እሺ፣ ቡድኑ።

3. አታን2 የሚመልሰው በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን (ሌላ የአንግል መለኪያ) ነው። የምትጠቀምበት ላይብረሪ ዲግሪ ከፈለገ በ180 አባዝተህ ለፓይ አካፍል። መድፉ ትንሽ ንቅንቅ እያለ አልዞር ካለህ ምክንያቱ ይሄው ነው። ደግሞ ስክሪን ላይ ብዙውን ጊዜ ዋይ የሚያድገው ወደ ታች ስለሆነ ፖዘቲቭ አንግል በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፣ ደብተር ላይ ከተማርነው ተቃራኒ። ስለዚህ የመድፉ ሥዕል አፉ ወደ ላይ ሆኖ ከተሳለ 90 ዲግሪ ጨምርበት።

ቀስ ብሎ እንዲዞር ስታደርገው ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጠብቅሃል። ከ170 ወደ -170 ለመድረስ 20 ዲግሪ ይበቃል፤ ዝም ብለህ ከቀነስክ ግን -340 ይወጣልህና መድፉ ዓለምን ዞሮ ነው የሚመጣው። የልዩነቱን ሳይንና ኮሳይን ወስደህ፣ ሳይኑን አስቀድመህ፣ መልሰህ ለአታን2 ስጠው። አጭሩን መንገድ እሱ ይሰጥሃል።

አሁንም ካስቸገረህ ኮዱን ለጥፈው፣ ሥዕሉ ወደየት እያየ እንደተሳለም ጻፍልኝ።