የየትኛው አቆጣጠር ነው?

ባሕር ዳር ላሉ ወጣት ባልደረቦቼ፣

በጣና ሐይቅ ዙሪያ የምንሠራ የውሃ፣ የዓሣና የግብርና ሰዎች ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ለሚነሣው ጠብ ብዙ ጊዜ መነሻው መለኪያው ሳይጻፍ የተለጠፈ ቁጥር ነው። አንዱ «እምቦጭ ጣና ላይ የታወቀው በ2004 ነው» ይላል። ሌላው «በ2011 ነው፣ አንብብ እንጂ!» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የእኛ መስከረም 2004 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2011 ነው። ግን «አንብብ እንጂ» ከተባለ በኋላ ስለ ዓመቱ የሚያወራ አይገኝም። ጥልቀቱም እንዲሁ ነው፦ 8 ሜትር ያለው አማካዩን፣ 14 ያለው ጥልቁን ቦታ ይዞ ነው። «ጣና ሸሸ» የሚል ፎቶ ሲለጠፍም ወሩን ጠይቁ። ሐይቁ በየዓመቱ ሰኔ አካባቢ ይጎድላል፣ መስከረም ላይ ይሞላል፤ ልዩነቱ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ነው።

ስለዚህ ቁጥር ስትጽፉ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ.፣ ቦታውንና ወሩን ጨምሩ። የሌላው ቁጥር ካጠራጠራችሁ «የየትኛው አቆጣጠር ነው?» በሉ። አማርኛ ደግሞ አያስደብቅም፤ «ተሳስተሃል» እና «ተሳስተዋል» አንድ አይደሉም። ከፕሮፋይሉ ጀርባ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ይኑር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አታውቁም፤ በ«እርስዎ» ጀምሩ። «አንተ በለኝ» ካለ ያኔ ትቀይራላችሁ።

አድሚን ለሆናችሁ፦ ክርክር ሲግል ሰው ማስወጣት ይቀናችኋል፤ እኔ አልመክርም። የተባረረው ስክሪንሾቱን ይዞ ሌላ ግሩፕ ይከፍታል። መጀመሪያ ስሎው ሞዱን 5 ደቂቃ ላይ አድርጉት። በ5 ደቂቃ አንድ መልእክት ብቻ የሚፈቀድለት ሰው አጫጭር ስድብ ማዝነብ አይችልም፤ ያለችውን አንዷን አስቦ ይጽፋል። ቀጥሎ ለተሳዳቢው በውስጥ መስመር ጻፉለት፤ የትኛው ቃል እንደሆነ ጠቅሳችሁ ራሱ ኤዲት እንዲያደርገው ጠይቁት። ቴሌግራም ለዚህ 48 ሰዓት ይሰጣል። እምቢ ካለ ሰርዙትና መሰረዛችሁን ግሩፑ ላይ በአንድ መስመር ተናገሩ፤ በዝምታ የጠፋ መልእክት «አፈኑን» ያስብላል። ዘርና ሃይማኖት የነካ ስድብ ግን ይህ ሁሉ ደረጃ አያስፈልገውም፤ ወዲያው ይሰረዛል፣ ጸሐፊውም ለ1 ሳምንት እንዳይጽፍ ይታገዳል።

ቅሬታ ከመጣ ሌላ አድሚን ይየው፤ የሰረዘው ራሱ አይፍረድ። የተሰረዘው መልእክት አድሚኖች ብቻ በሚያዩት የድርጊት መዝገብ ውስጥ የሚቆየው 48 ሰዓት ስለሆነ ነገ ከነገ ወዲያ አትበሉ።