ከኮሌጅ ወደ ጤና ሙያ ትምህርት ቤት፦ በአሜሪካ ለሚማሩ ልጆችና ለወላጆቻቸው የቀረበ ጥያቄና መልስ

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ከሚኖሩ ወላጆችና ተማሪዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። በኮሌጅ ውስጥ ወደ ሕክምና፣ ወደ ፋርማሲ፣ ወደ ጥርስ ሕክምናና ወደ መሰል ሙያዎች ለመግባት የሚዘጋጁ ተማሪዎችን የማማከር ሥራ ላይ ስለምገኝ፣ አብዛኛው መልሴ ከዚያው የመጣ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌአለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ በመጪው ፎል ኮሌጅ ትገባለች። ሐኪም መሆን ትፈልጋለች፤ ነገር ግን የማጠናው ታሪክ ነው ትለኛለች። ከባዮሎጂ ውጪ አጥንታ ሕክምና ትምህርት ቤት መግባት ትችላለች?

መልስ፦ ትችላለች። ወላጆች ይህን ደጋግመው የሚጠይቁበት ምክንያት ይገባኛል። በአገራችን አንድ ልጅ የሕክምና ተማሪ የሚሆነው ገና ዩኒቨርሲቲ ሳለ ነው፤ በአሜሪካ ግን ሕክምና ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚጀመር የ4 ዓመት ትምህርት በመሆኑ፣ ዲግሪው በምን መስክ እንደተገኘ ትምህርት ቤቶቹ እምብዛም አይጨነቁበትም። ፕሪ-ሜድ ሲባል የምንሰማውም በአብዛኞቹ ኮሌጆች የዝግጅት መንገድ ስም እንጂ የትምህርት ክፍል አይደለም። የሚጠየቀው የተወሰኑ ኮርሶች መወሰዳቸው ነው፦ ከነቤተ ሙከራቸው የአንድ የአንድ ዓመት ባዮሎጂ፣ አጠቃላይ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ፣ ከዚያም ባዮኬሚስትሪ፣ ስታቲስቲክስና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ኮርሶች። ትምህርት ቤቶች በዝርዝሩ ላይ ይለያያሉ፤ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂም በመግቢያ ፈተናው ስለሚመጡ ቢወሰዱ ይጠቅማሉ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከአጠቃላይ ኬሚስትሪ በኋላ፣ ባዮኬሚስትሪ ደግሞ ከኦርጋኒክ በኋላ ስለሚመጣ እነዚህን አጣድፎ በአንድ ዓመት መጨረስ አይቻልም። ኬሚስትሪን በሦስተኛው ዓመት የጀመረች የታሪክ ተማሪ የመግቢያ ፈተናውን የምትወስደው ከተመረቀች በኋላ ይሆናል። የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ፣ ታሪኩን ታጥና፤ የሳይንስ ኮርሶቿን ግን ከመጀመሪያው ዓመት አንሥታ በየሴሚስተሩ አንድ ወይም ሁለት እያደረገች ትውሰድ።

ጥያቄ፦ በመጀመሪያው ሴሚስተር ኬሚስትሪ ሲ አመጣሁ። ኮርሱን ደግሜ ብወስደው የቀድሞው ውጤት ከጂፒኤዬ እንደሚወጣ ኮሌጄ ነግሮኛል። ልድገመው?

መልስ፦ ኮሌጅህ የነገረህ ስለ ራሱ ጂፒኤ ነው፤ የሕክምና ማመልከቻው በሌላ ስሌት ይሠራል። ኤምዲ የሚባለውን የሐኪምነት ዲግሪ ለሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበለው አምካስ የተባለ ሥርዓት የተደገመ ኮርስ ሁለቱንም ውጤት ይቆጥራል፤ ዲኦ የሚባለውን ሌላውን የሐኪምነት ዲግሪ የሚሰጡት የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት አኮማስም የቀድሞውን ውጤት በአዲሱ የመተካት አሠራሩን በ2017 ትቶታል። ከዚህም በላይ አምካስ የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ውጤቶችን ለብቻቸው አውጥቶ ሌላ ጂፒኤ ስለሚያሰላ፣ በሌላ ትምህርት የተገኘ ኤ ይህንን ሊሸፍነው አይችልም። ውጤቱ ሲ ማይነስ ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ኖሮ ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለማይቀበሉት መድገም ግድ በሆነብህ ነበር። ሲ ከሆነ ግን ያልገባህን ምዕራፍ በራስህ አጥንተህ ቀጣዩን ኬሚስትሪ በጥሩ ውጤት መጨረስ ይሻላል፤ ገምጋሚዎቹ ከዓመት ዓመት የሚሻሻል ውጤት ሲያዩ ዋጋ ይሰጡታል።

ከመድገሙ በፊት ግን ሲው ከየት እንደመጣ ራስህን ጠይቅ። ቢሮዬ የሚመጡ ብዙዎቹ የእኛ ልጆች በሳምንት 30 ሰዓት እየሠሩ 16 እና 17 ክሬዲት ይመዘገባሉ፤ የቤት ኪራይ ይረዳሉ፣ ታናናሾቻቸውን ከትምህርት ቤት ያመጣሉ፣ ቅዳሜና እሑድም ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ያገለግላሉ። ይህ የሚያኮራ እንጂ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ትራንስክሪፕቱ ላይ የሚታየው ሲው ብቻ ነው። ሥራውን መቀነስ የማይቻል ከሆነ ክሬዲቱን ወደ 12 ወይም 13 ማውረድ፣ ከባድ የሆኑ ሁለት የሳይንስ ኮርሶችን በአንድ ሴሚስተር አለመደረብ፣ ምረቃው በአንድ ሴሚስተር ቢዘገይም መቀበል ያዋጣል። በማመልከቻው ውስጥ ስለ ቤተሰብ ኃላፊነትና ስለ ሥራ ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ተማሪዎቻችን ይህን የግል ጉዳይ ነው ብለው ይተውታል። መጻፍ አለበት።

ጥያቄ፦ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሬ ወደ ዩኒቨርሲቲ ልዛወር አስቤአለሁ። ኮሚኒቲ ኮሌጅ መማሬ ይጎዳኛል?

መልስ፦ አይጎዳሽም፤ ለቤተሰብሽም ብዙ ገንዘብ ያተርፋል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ኮርሶች በአራት ዓመት ኮሌጅ ቢወሰዱ ይመርጣሉ፤ መፍትሔው አጠቃላይ ኮርሶቹን በኮሚኒቲ ኮሌጁ ጨርሶ እንደ ባዮኬሚስትሪ፣ ፊዚዮሎጂና ጄኔቲክስ ያሉትን ከፍተኛ ኮርሶች ለዩኒቨርሲቲው ማስቀረት ነው። ይህ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልሽን የሳይንስ መምህራን በዩኒቨርሲቲው እንድታገኚም ይረዳል።

ወላጆችም ተማሪዎችም የማያውቁት አንድ ነገር ልጨምር። በሁለተኛ ደረጃ ሳላችሁ በኮሚኒቲ ኮሌጅ የወሰዳችኋቸው ኮርሶች የኮሌጅ ክሬዲት ስለሆኑ አምካስ ውስጥ ይገባሉ። በ16 ዓመቷ የወሰደችው አንድ የሒሳብ ኮርስ ከዓመታት በኋላ ጂፒኤዋ ውስጥ ሲመጣባት የምትደነግጥ ተማሪ በየዓመቱ አላጣም።

ጥያቄ፦ በነርሲንግ ሆም ሌሊት ሌሊት የሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሥራ እሠራለሁ። ጓደኞቼ ሪሰርች ላብ ውስጥ ይሠራሉ። የእኔ ሥራ በማመልከቻ ላይ ቢጻፍ ዋጋ አለው?

መልስ፦ እጅግ ትልቅ ዋጋ አለው። ማኅበረሰባችን አረጋውያንን ማጠብንና ማልበስን እንደ ዝቅተኛ እንጀራ መፈለጊያ ስለሚያየው ልጆቻችንም በማመልከቻ ላይ ሊጽፉት ያፍራሉ፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የዝግጅት ሥራ አላውቅም። ወደ ፒኤ (ከሐኪም ጋር ሆኖ ሕሙማንን የሚመረምርና የሚያክም ባለሙያ) ትምህርት ለሚያመለክት ሰው በሽተኛን በእጁ የረዳበት ሰዓት ዋና መመዘኛ ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች 500፣ ሌሎች 1,000፣ አንዳንዶቹም 2,000 ሰዓት ይጠይቃሉ። ለሕክምና ትምህርት ቤት የተወሰነ የሰዓት ቁጥር ባይኖርም፣ ታማሚ ሰው አጠገብ ቆይቶ የማያውቅ አመልካች ለምን ሐኪም መሆን እንደሚፈልግ ሲጠየቅ መልሱ ባዶ ይሆናል።

ሦስት ነገሮችን ግን አደራ እልሻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የሠራሽበትን ጊዜ፣ የሰዓቱን ብዛትና የአለቃሽን ስምና ስልክ መዝግቢ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ለማስታወስ መሞከር ከባድ ነው። ሁለተኛ፣ ስለ ሥራሽ ስትጽፊ የታማሚ ስምም ሆነ ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር አታስገቢ፤ ሂፓ የሚባለው የግላዊነት ሕግ በማመልከቻም ላይ መከበር አለበት። ሦስተኛ፣ ሲኤንኤ ሆነሽ የምታዪው በአብዛኛው የነርሶችን ሥራ ስለሆነ፣ አንድ ሐኪም ጥቂት ቀናት ተከትለሽ ሥራውን እንድታዪ ጠይቂ። አምካስ ላይ እስከ 15 ተግባራት መዘርዘር ይቻላል፤ ከእነዚህ ሦስቱን በሰፊው የማብራራት ዕድል ስላለ የሌሊት ሥራሽን ከሦስቱ አንዱ አድርጊው። ሪሰርች ለአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ይጠቅማል፤ ለሁሉም ግን ግዴታ አይደለም።

ጥያቄ፦ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናውን ኤምካትን መቼ ልውሰድ?

መልስ፦ ባዮኬሚስትሪን ከጨረስህ በኋላ፣ የልምምድ ፈተናህ ውጤት የምትፈልገው ላይ ሲደርስ። ፈተናው አራት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ118 እስከ 132፣ ድምሩም ከ472 እስከ 528 ይሰጣል፤ ዕረፍቱን ጨምሮ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ያስቀምጣል። በአንድ ዓመት ከሦስት ጊዜ፣ በተከታታይ ሁለት ዓመት ከአራት ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ደግሞ ከሰባት ጊዜ በላይ አይፈቀድም። የተሻለውን ብቻ አሳያለሁ ማለትም አይቻልም፤ ትምህርት ቤቶቹ ሁሉንም ሙከራ ስለሚያዩ፣ ለሙከራ ያህል ልቀመጥ የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም።

ትምህርቱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ጀምረው በአሥራዎቹ ዕድሜ ወደዚህ የመጡ ተማሪዎች የሚቸገሩት ካርስ በሚባለው የንባብ ክፍል ላይ ነው። ይህ ክፍል የሳይንስ እውቀት አይጠይቅም፤ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ኪነ ጥበብ ወይም ስለ ማኅበረሰብ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ አንብቦ የጸሐፊውን ሐሳብ መለየት ነው። በሦስት ወር ጥናት የሚገኝ ችሎታ ስላልሆነ ከኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ በየቀኑ ከሙያው ውጪ የሆነ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። የታሪክ ተማሪዋ እዚህ ላይ ብዙዎቹን የባዮሎጂ ተማሪዎች ትቀድማለች።

ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦች ልጆች የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ለሚሰጠው የክፍያ እርዳታ ማመልከት ይችላሉ። የፈተናውን ክፍያ ይቀንሳል፣ የልምምድ ፈተናዎችን በነፃ ይሰጣል፣ እስከ 20 ትምህርት ቤቶች ድረስ የማመልከቻ ክፍያ ያስቀራል። ነገር ግን አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ስለማይመለስ፣ ለፈተናው ከመመዝገብ በፊት እርዳታው መጽደቅ አለበት።

ጥያቄ፦ ለፋርማሲ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ለፒካት እየተዘጋጀሁ ነው፤ የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?

መልስ፦ ምንም አትግዛ። ፒካት ከጃንዋሪ 2024 በኋላ አይሰጥም። ጊዜህን ለኬሚስትሪ ውጤትህና በፋርማሲ ውስጥ በቴክኒሽያንነት ለመሥራት አውለው።

ጥያቄ፦ ልጄ በሚቀጥለው ሜይ ይመረቃል። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሠርቼ ነው የማመለክተው ይላል። ሰነፈብኝ ብዬ ፈራሁ፤ ምን ልበለው?

መልስ፦ እሺ ይበሉት። የማመልከቻው አቆጣጠር እንዲህ ነው፦ አምካስ በሜይ መጀመሪያ ይከፈታል፣ ከሜይ መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ይላካል፣ የተመረጡት ትምህርት የሚጀምሩት በሚቀጥለው ዓመት ሰመር መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ምንም ዓመት ሳያልፈው በቀጥታ መግባት የሚፈልግ ተማሪ ኮርሶቹን፣ ፈተናውን፣ የሆስፒታል ልምዱንና ደብዳቤዎቹን በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ማዘጋጀት አለበት። ይህን የሚችሉ አሉ፤ ሆኖም በአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤት ከሚገቡት ተማሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከኮሌጅ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት የቆዩ ናቸው።

ብዙ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ በመጣበት ቅደም ተከተል እያዩ ቦታ ስለሚሞሉ፣ ያልተሟላ ማመልከቻ በሴፕቴምበር ከመላክ የተሟላውን በሚቀጥለው ጁን መላክ በብዙ ይበልጣል። ተጣድፎ አመልክቶ ያልተሳካለት ልጅ ደግሞ እንደገና ሲያመለክት ገንዘቡንም ሞራሉንም ከፍሎ ነው። በየማኅበሩና በየለቅሶው "ልጅሽ ዶክተርነቱን ጨረሰ ወይ?" የሚሉ ሰዎች ጫና እንደሚፈጥሩ አውቃለሁ፤ የማመልከቻውን ቀን ግን እነሱ አይወስኑትም። እርስዎ ሊጠይቁት የሚገባው በዚያ ዓመት ምን እንደሚሠራ ነው፤ የክሊኒክ ረዳትነት ወይም የምርምር ሥራ ከያዘ ዕቅድ አለው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቄ በዲቪ መጣሁ። ሕክምና ለመማር ዲግሪዬ ይበቃል?

መልስ፦ ብቻውን አይበቃም። አምካስ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጪ የተገኘ ውጤትን በጂፒኤ ስሌት ውስጥ አያስገባም፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶችም ቢያንስ 90 የሚሆን ክሬዲት ወይም ዋና ዋናዎቹን የሳይንስ ኮርሶች እዚህ እንዲወሰዱ ይፈልጋሉ። አካባቢህ ባለ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪህን አስገምግመህ የትኞቹን ክሬዲቶች እንደሚቀበሉህ እወቅ፤ ከዚያ የጎደሉትን ውሰድ። ግሪን ካርድ መያዝህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ በተማሪ ቪዛ ላሉት የሚከፈቱት በሮች ጥቂቶች ናቸው። በኢትዮጵያ በሕክምና ተመርቀው የመጡ ሐኪሞች ጉዳይ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው፤ እነሱ ኮሌጅ መግባት ሳያስፈልጋቸው ከአሜሪካ ውጪ የተመረቁ ሐኪሞችን ማስረጃ በሚያረጋግጠው ድርጅት በኢሲኤፍኤምጂ በኩል ምስክርነታቸውን አረጋግጠው የፈቃድ ፈተናዎቹን ይወስዳሉ።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፤ የማደንዘዣ ነርስ መሆን እፈልጋለሁ። ማስተርስ ይበቃል?

መልስ፦ ከ2022 ጀምሮ እውቅና ያላቸው ፕሮግራሞች የሚቀበሉት ለዶክትሬት ደረጃ ብቻ ነው። የነርሲንግ ባችለር ዲግሪ፣ ፈቃድና ቢያንስ አንድ ዓመት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተሠራ ልምድ ይጠየቃል። ስለዚህ አሁን በሌላ ክፍል የሚሠሩ ከሆነ ዝውውሩን መጠየቅ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ገንዘቡን ከየት እናመጣለን?

መልስ፦ በጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ ብዙ ነገር ስለቀየረ ከቀድሞ ተማሪዎች የሰማችሁትን አትከተሉ። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የፌዴራል ብድር ለአዳዲስ ተበዳሪዎች አይሰጥም። እንደ ሕክምና፣ ጥርስ ሕክምናና ፋርማሲ ላሉ ሙያዎች የፌዴራል ብድር በዓመት 50,000፣ በድምሩ 200,000 ዶላር ነው፤ ለሌሎች የድኅረ ምረቃ ትምህርቶች ደግሞ በዓመት 20,500፣ በድምሩ 100,000 ዶላር ነው። የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት በ2025 መጨረሻ ያቀረበው ረቂቅ ነርሲንግንና ፒኤን በዝቅተኛው ጣሪያ ሥር ስላደረጋቸው፣ እነዚህን የምትመርጡ ቀሪውን ከየት እንደምትሸፍኑ ከማመልከታችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ጠይቁ።

በአካባቢያችን ሊታወቅ የሚገባው ሌላው ነገር የጆንስ ሆፕኪንስ ሕክምና ትምህርት ቤት ነው። በ2024 ባገኘው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ስጦታ መሠረት ገቢያቸው ከ300,000 ዶላር በታች የሆነ ቤተሰቦች ልጆች የትምህርት ክፍያ አይከፍሉም፤ ከ175,000 በታች ከሆነ የመኖሪያ ወጪያቸውም ይሸፈናል። መግባቱ እጅግ ከባድ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ውድ ነው ብሎ ከዝርዝር ማውጣት ግን ስሕተት ነው። ናሽናል ሄልዝ ሰርቪስ ኮር የተባለው የፌዴራል ፕሮግራምም ሐኪም ባልበዛባቸው አካባቢዎች ለማገልገል ለሚስማሙ ተማሪዎች ክፍያቸውን ይችላል፤ ዜግነት ስለሚጠይቅ ግሪን ካርድ ያላችሁ ለዜግነት ማመልከት የምትችሉበትን ቀን ከአሁኑ አስሉ።

ጥያቄ፦ የልጄን አማካሪ ደውዬ ስለ ውጤቷ ብጠይቅ ይነግረኛል?

መልስ፦ በአብዛኛው አይነግርዎትም። ፈርፓ የሚባለው የ1974 ሕግ የኮሌጅ ተማሪን መዝገብ ያለ ተማሪዋ ፈቃድ ለወላጅ ማሳየትን በመሠረቱ ይከለክላል፤ ክፍያውን የሚከፍሉት እርስዎ መሆንዎ ብቻውን ይህን አይለውጠውም፤ ልጅዎ በታክስ ላይ ጥገኛዎ ከሆነች ኮሌጁ እንዲያሳይ ሕጉ ይፈቅዳል እንጂ አያስገድደውም። ልጅዎ ከፈለገች በኮሌጁ የፈቃድ ቅጽ መሙላት ትችላለች። እኔ ቢሮ ከመጣችሁ ግን ሁለታችሁንም በአንድ ላይ፣ እሷ ባለችበት አነጋግራለሁ።