ሆረር ልንሰራ ነው ላላችሁኝ ልጆች

ሰሞኑን አንድ የባህር ዳር ልጅ "ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ስለ ቡዳ ሆረር ፊልም ልንሰራ ነው፣ ጅቡን እንዴት ብናደርገው ያስፈራል?" ብሎ ፃፈልኝ። ካሜራ ከያዝኩ ሰላሳ አመት ሊሞላኝ ነው፣ መልስ አጥቼ አይደለም፣ ግን ካነበብኩት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

የጅቡን ቶሎ ልመልስ፣ አታሳዩት። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የስፒልበርግ የሻርክ ፊልም "ጆውስ" ላይ ሰው ሰራሹ ሻርክ በጨው ውሃ እየተበላሸ ስላስቸገራቸው ነው አብዛኛውን ፊልም ሻርኩን ሳናይ የምንፈራው። እናንተ ደሞ ኤፌክቱ ስልካችሁ ላይ ስላለ ጭራቁን ከነጥርሱ ፊታችን ላይ ታመጡታላችሁ፣ ከዛ "ጓ!"። ይሄ ማስደንገጥ ነው እንጂ ማስፈራት አይደለም።

አሁን የኔን ልንገራችሁ። 1991 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም። ያኔ ቪዲዮ ቤት ነው ሁሉ ነገር፣ ሃምሳ ሳንቲም ከፍለህ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተህ ሮቦት ሰው ሲፈጅ ታያለህ፣ መሳሳም ሲመጣ ባለቤቱ ቴሌቪዥኑን በባርኔጣው ይሸፍነዋል፣ ሰው ሲታረድ ግን ባርኔጣው ንቅንቅ አይልም። እኛም ሶስት ሆነን ከአንድ ሰርግ ቀራጭ ቪኤችኤስ ካሜራ ተውሰን ቀን ማረሻ ቀጥቅጦ ሌሊት ጅብ ስለሚሆን ሰውዬ ልንሰራ ተነሳን። የሰፈራችን ቀጥቃጭ ጋ ሄደን "ጋሼ፣ ሙያዎን እንቅረፅ" አልናቸው፣ ስለ ጅቡ ትንፍሽ አላልንም። እሳቸው ታጥበው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው ጠበቁን፣ "እንዲህ ልቁም?" ይሉናል። በጋቢ ብረት የሚቀጠቅጥ የለም፣ ያውልቁት አልናቸው፣ አወለቁ። ልጃቸው ወናፉን ሲያናፋ ተጠግቼ ድምፁን ቀዳሁ፣ ይነፋል ያርፋል፣ ይነፋል ያርፋል፣ የፍየል ቆዳ ስለሆነ ትልቅ አውሬ ጨለማ ውስጥ ሲተነፍስ ነው የሚመስለው፣ ፍሙ ደሞ ከስር ፊታቸውን ያቀላዋል። እውነት ለመናገር እስካሁን ከቀረፅኩት ሁሉ እንደሱ ያለ ሾት የለኝም። ይሄን ማለቴ ራሱ ያሳፍረኛል።

ቪዲዮ ቤት ስናሳየው ሰው ጮኸ፣ እኛ በደስታ ሰከርን። ልጃቸው ለካ እዛው ነበር፣ አባቱን ሊያይ ከፍሎ ገብቶ። በነጋታው ልጆች እንደ ጅብ እየጮሁ ሲከተሉት አየሁ፣ አይቼም መንገድ ቀየርኩ። በዛው አመት ትምህርቱን ትቶ ለሰሊጥ ስራ መተማ ወረደ አሉ። በፊልሙ ይሁን በችግር ማን ያውቃል፣ ሰፈሩ ድሮም ቡዳ ይላቸው ነበር፣ እኛ አልጀመርነውም እያልኩ ስንት አመት ራሴን አሞኘሁ። እሳቸው በሳሉት ማረሻ የሚያርሰው ሰው እኮ ነው አብሯቸው ማዕድ የማይቀርበው።

ያ የሻርክ ፊልም የተሰራበትን ልብወለድ የፃፈው ፒተር ቤንችሊ በኋላ ተፀፅቶ ሻርክ እንዲጠበቅ ሲሟገት ኖረ። ለሻርክ!

ሳይንስ ፊክሽን ይሻለን ይሆን ላልከኝ፣ ይሻላችኋል፣ ከማርስ የመጣ ጭራቅ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ዘመድ የለውም። ከኮሚክ፣ ማለት ከስዕል ታሪክ መፅሐፍ፣ የሚወጣ የጀግና ፊልም ግን ተዉት፣ ካባ ደርቦ መብረር የህፃን ጨዋታ ነው። እንዲህ እላለሁ፣ ማታ ደሞ ከልጄ ጋር እስከ ስድስት ሰዓት ኤክስሜንን ሳይ አመሻለሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በኮሚክ የኖረ ታሪክ ነው፣ ጀግኖቹ ከሌላው ተለይተው በመወለዳቸው ሰው የሚሸሻቸው ናቸው። ባለፈው ልጄ "አባዬ፣ ምን አድርገው ነው የሚጠሏቸው?" ሲለኝ ያ ወናፍ ጆሮዬ ላይ መጣ፣ ውሃ ልጠጣ ብዬ ተነሳሁ።

ካሴቱ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ አለ። ከፊልሙ ቆርጠን የጣልነው ቦታ ላይ ጋሼ በነጭ ጋቢያቸው ቀጥ ብለው ቆመው "እንዲህ ልቁም?" ይላሉ። ስክሪፕቱን ይዘህ ና ልጄ፣ እኔ የሚሰራ ዴክ ልፈልግ፣ መጀመሪያ እሱን እናያለን።