መልስ፦ የተማሪ ምደባ ፖርታሉ ላይ እህቴ «ወንድ» ተብላ ሪሜዲያል (በ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፊያ ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) አመለጣት፣ የት ልሂድ?

ወደ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር አትመላለስ፣ እነሱ አያስተካክሉትም። መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ተማሪ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ጾታዋ የመጣው ደግሞ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስትመዘገብ ከተሞላው መረጃ ስለሆነ፣ ጥያቄው ወደ ትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው የሚሄደው።

መነሻህ ግን የተማረችበት ትምህርት ቤት ነው። ማህተም ያለበት ደብዳቤ አጽፍ። ፎቶዋ ያለበትን ትራንስክሪፕት፣ የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬቷን፣ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የፋይዳ መታወቂያዋን አያይዝ።

እርማቱ እስኪያልቅ አትጠብቅ። ዛሬውኑ ለሚኒስቴሩም የምደባ ቅሬታ አስገባ፤ የቅሬታ ጊዜው አጭር ነው፣ ካለፈ በኋላ «እውነት ነው፣ ተሳስተናል» ቢሉህ እንኳ ምደባው አልቆ ታገኘዋለህ። ቅሬታው ላይ የሴትና የወንድ የሪሜዲያል መቁረጫ ነጥብ እንደሚለያይ፣ እሷም በሴቶቹ ነጥብ እንደምታልፍ በግልጽ ጻፍ። «ጾታ ተሳስቷል» ብቻ ካልክ የጽሕፈት ግድፈት ነው ብለው ያልፉታል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ደብዳቤውን ከመቀበልህ በፊት እዚያው ቆመህ አንብበው። የጎረቤታችን ልጅ ተመሳሳይ ነገር ደርሶባት ትምህርት ቤቱ «መረጃዋ ይስተካከልላት» ብሎ ብቻ ጻፈላት። የፈተና መለያ ቁጥር የለ፣ ከምን ወደ ምን እንደሚታረም የለ። አዲስ አበባ ደርሳ ባዶ እጇን ተመለሰች። ርዕሰ መምህሩ ቢቸኩልም አንተ አትቸኩል። ስሟንም ከነአያቷ ከፋይዳዋ ጋር ፊደል በፊደል አስተያይ፤ ሌላ ስህተት ካለ በዚያው ደብዳቤ ይካተት።